በካልሲየም መታወቂያ አንጎል የሚገባ መርዝ

ዛሬ ከራሴ ስህተት ልጀምር።

አንዲት እናት የሦስት ዓመት ወንድ ልጇን ይዛ መጣች። "ዶክተር፣ ልጄ አፈር ይበላል፤ እንደ እኩዮቹም አያወራም" አለችኝ። ልጁ ገርጥቷል። ደሙ ሲመረመር ደም ማነስ ተገኘ። የአይረን ሽሮፕ አዘዝኩለት፣ የትል መድኃኒት ጨመርኩና "አይዞሽ፣ አንዳንድ ልጅ አፉን ቶሎ አይፈታም" ብዬ ሸኘኋት። ከሁለት ወር በኋላ ተመለሱ። ደሙ ትንሽ ተሻሽሏል፤ ንግግሩ ግን ያው ነው። ጭራሽ ሆዱን ያመዋል፣ ይነጫነጫል። መጀመሪያ ቀን መጠየቅ የነበረብኝን ያን ቀን ጠየቅኳት፦ "ባለቤትሽ ሥራው ምንድን ነው?"

"ያረጀ የመኪና ባትሪ ነው የሚያድሰው፤ እዚያው ግቢያችን ውስጥ።"

የደም ናሙናው ውጭ አገር ተልኮ ውጤቱ መጣ፦ በአንድ ዴሲሊትር ደም 38 ማይክሮግራም እርሳስ። የአሜሪካው ሲዲሲ በልጆች ላይ ክትትል ይጀመር የሚለው ከ3.5 ጀምሮ ነው። (በነገራችን ላይ የምንጽፍበት እርሳስ ውስጥ ያለው ጥቁር ነገር ይሄ ብረት አይደለም፤ ግራፋይት የሚባል ካርቦን ነው።)

ታዲያ የግቢ አፈር ላይ ያለ እርሳስ እንዴት አድርጎ አንጎል ደረሰ?

አንጎላችን እኮ አጥር አለው። በ1885 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው ሐኪም ፖል ኧርሊክ እንስሳት ደም ውስጥ ቀለም ሲወጋ ሌላው የሰውነት ክፍል ሲቀለም አንጎል ግን ሳይነካ መቅረቱን አየ። በሌላው ሰውነታችን ያሉ ቀጫጭን የደም ሥሮች በሴሎቻቸው መሀል ክፍተት አላቸው። የአንጎሎቹ ግን እርስ በርስ የተሰፉ ያህል ተጣብቀዋል። ስለዚህ ብዙው ነገር ወደ አንጎል የሚያልፈው በተፈቀደለት በር ብቻ ነው። ለግሉኮስ የራሱ በር አለው፣ ለአሚኖ አሲድ የራሱ፣ ለካልሲየምም የራሱ።

እርሳስ ይሄን አጥር መስበር አያስፈልገውም። ደም ውስጥ ሲገባ ልክ እንደ ካልሲየም ሁለት ፖዘቲቭ ቻርጅ ይይዛል፤ በረኛው ደግሞ በደንብ አይለየውም። በካልሲየም መታወቂያ ያልፋል ማለት ነው። ከገባም በኋላ ማስመሰሉን አይተውም። የነርቭ ሴሎች መልእክት የሚለዋወጡት በካልሲየም ስለሆነ እሱ ቦታ ላይ ይቀመጥና መልእክቱን ያዛባል፤ ለመማርና ለማስታወስ የሚያስፈልገውን መቀበያም ያግዳል። መጠኑ በጣም ሲበዛ ግን አጥሩን ራሱን ያፈርሳል። ያኔ አንጎል ያብጣል፣ ልጁ ያንቀጠቅጠዋል፣ ራሱን ይስታል። ያ ድንገተኛ ነው፣ ሩጡ!

ሜርኩሪም ተመሳሳይ ዘዴ አለው። ዓሣ ውስጥ የሚጠራቀመው ዓይነት፣ ሚቲልሜርኩሪ፣ ከአንድ አሚኖ አሲድ ጋር ተጣብቆ ሌላ አሚኖ አሲድ ይመስልና በዚያ በር ይገባል። በ1956 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው የጃፓኑ ሚናማታ በሽታ ከዚሁ የመጣ ነው። አንዳንድ ፊት የሚያቀሉ ክሬሞች ውስጥ ያለው ሜርኩሪ ሌላ ዓይነት ነው፤ እሱ በዋናነት ኩላሊትን ነው የሚጎዳው። ለማንኛውም አትቀቡት።

ወደ ልጁ ልመለስ። የልጅ አንጀት ከአዋቂው ከአራት እስከ አምስት እጥፍ የሚደርስ እርሳስ ይመጣል። አይረን ያነሰው ልጅ ደግሞ አንጀቱ አይረን ፍለጋ ተሸካሚዎቹን ያበዛል፤ እነዚያው ተሸካሚዎች እርሳስንም ይዘው ይገባሉ። ስለዚህ ሽሮፑ ራሱ ስህተት አልነበረም። ስህተቱ ልጁን ወደዚያው ግቢ መልሼ መላኬ ነው።

"እና ዶክተር፣ የሚያጥበው መድኃኒት የለም?" አለ አባትየው፣ እጁን እያየ። አለ። ግን በአብዛኛው የምንሰጠው ከ45 በላይ ሲሆን ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ከ20 እስከ 44 ባላቸው ልጆች ላይ መድኃኒቱ የደሙን እርሳስ ቢቀንስም የልጆቹን የመማር አቅም እንዳላሻሻለ አሳይቷል። ይሄን ለአባትየው መንገር ከሁሉም ከበደኝ።

ስለዚህ የቀረን ምንጩን መዝጋት ነበር። አባትየው ሥራውን ከግቢው አወጣ። ቱታውንና ጫማውን እዚያው ትቶ፣ ታጥቦ ነው ቤት የሚገባው። እናትየው ወለሉን በደረቅ መጥረጊያ መጥረግ ትታ በእርጥብ ጨርቅ ትወለውላለች። ልጁ የሚጫወትበት አፈር ተነሥቶ ግቢው ሲሚንቶ ሆነ። አይረኑ ቀጠለ።

እናንተም ቤት ባትሪ ወይም ራዲያተር የሚሠራ ሰው ካለ ሐኪሙ እስኪጠይቃችሁ አትጠብቁ፣ ንገሩት። እኔን አይታችኋል። የሕፃን ዓይን ኩል አትኳሉ፤ ብዙ ኩል የሚሠራው ከእርሳስ ማዕድን ነው። የተላጠ አሮጌ የግድግዳ ቀለም ካለም ልጅ እንዳይፍቀው ተጠንቀቁ። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው ደንብ ቀለም ውስጥ የሚፈቀደውን እርሳስ በ90 ፒፒኤም ገድቧል፤ ከዚያ በፊት የተቀባው ግን ግድግዳው ላይ ነው ያለው።

ባለፈው ወር ሲመጡ የልጁ ውጤት 19 ደርሷል። አጥንት ውስጥ የተቀመጠው ቀስ እያለ ስለሚለቀቅ ቶሎ አይወርድም። ስቴትስኮፔን ጎትቶ "ስጠኝ!" አለኝ። ከእኩዮቹ ግን አሁንም ወደኋላ ነው፤ የንግግር ሕክምና ጀምሯል።