ጧት ተረከዝን ስለሚወጋው ሕመም

ጧት ከመኝታዎ ተነሥተው የመጀመሪያውን እርምጃ ሲረግጡ ተረከዝዎን እንደ ሚስማር የሚወጋ፥ ጥቂት ከተራመዱ በኋላ ግን ቀለል የሚል ሕመም ካለብዎ የዛሬው ንግግራችን ለእርስዎ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሕመም ብርድ ነው ይለዋል፤ ከፊሉም በተረከዜ አጥንት በቀለ ብሎ ይሠጋል።

በውስጥ እግራችን ከተረከዝ አጥንት ተነሥቶ እስከ ጣቶች ሥር የሚደርስ እንደ ጠፍር የጠነከረ ጅማት አለ፤ ሥራውም የእግራችንን ጕብጠት እንደ ደጋን አውታር ወጥሮ መያዝ ነው። ቀኑን ሙሉ በሲሚንቶ ወለል ላይ የሚቆም፥ ክብደቱ የጨመረ ወይም የባቱ ጅማት የከረረ ሰው፥ ይህ ጠፍር ከተረከዙ በተያያዘበት ስፍራ ይጎዳበታል። ሌሊት እግር ሲያርፍ ጅማቱ ይሰበሰባል፤ ጧት የሰውነት ክብደት በድንገት ሲወጥረው ያማል። ከጽሕፈት ቤት ወንበር ብዙ ሰዓት ተቀምጦ የሚነሣም እንዲሁ ነው።

በራጅ የሚታየው የአጥንት ሹል ምንም ሕመም በሌላቸው ብዙ ሰዎች እግርም ይገኛል፤ ስለዚህ እርሱን ለማስቆረጥ ገንዘብ ለመበደር መጣደፍ አይገባም። አብዛኛው ሕመምተኛ ያለ ቀዶ ሕክምና በ12 ወር ውስጥ ይሻለዋል።

ዋናው መድኃኒት በእጅዎ ነው። ገና ከአልጋ ሳይወርዱ የታመመውን እግር በሌላው ጕልበት ላይ ያኑሩ፤ ጣቶችዎን በእጅዎ ይዘው ወደ ቅልጥምዎ ይሳቡ፤ እስከ 10 ቍጠሩና ይልቀቁ፤ ይህንንም 10 ጊዜ ይድገሙ። በቀን 3 ጊዜ ቢያደርጉት፥ በተለይም ከመጀመሪያው እርምጃ በፊት፥ ለወራት ሳይታክቱ ቢጸኑ ጥቅሙን ያዩታል። ባትንም ግድግዳ ተደግፎ መሳብ ይረዳል። በቤት ውስጥ በባዶ እግር በሲሚንቶ ላይ አይመላለሱ፤ ቀጭን ሶል ያለው የቢሮ ጫማም ምንም ቢያብረቀርቅ ለተረከዝ ወዳጅ አይደለም።

የኮርቲዞን መርፌ ለጊዜው ያሳርፋል፤ ደጋግሞ መወጋት ግን ጅማቱን ሊበጥስ፥ ተረከዝን የሚደግፈውንም ሞራ ሊያሳሳ ይችላል።

እግር ከደነዘዘ፥ ካበጠና ትኩሳት ከተከተለ፥ ወይም ሕመሙ ተኝተውም ካልተወዎ ሐኪም ዘንድ ሳይቀርቡ አይቆዩ። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ እግሩ ቃጠሎውን ላይሰማ ይችላልና ተረከዙን በእሳት ወይም በፈላ ውኃ አያሙቅ።