ከጉሮሮ የሚነሣው የልብ ሕመም

ከሳሪስ እስከ ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ሰፈሮች ቶንሲል ያልጎበኘው ቤት ማግኘት ይቸግራል። ልጁ ይተኩሰዋል፣ ምራቅ መዋጥ ያቅተዋል። እናት ዝንጅብልና ማር ታዘጋጃለች፤ ጎረቤት ደግሞ «እንጥሉን አስቆርጪው» ብላ ትመክራለች። ከጥቂት ቀናት በኋላ ትኩሳቱ ይበርዳል፣ ልጁም ወደ ኳሱ ይመለሳል። ለአብዛኞቹ ልጆች ነገሩ እዚያው ያበቃል።

ለአንዳንዶቹ ግን ገና መጀመሩ ነው። ጉሮሮን ከሚያቆስሉት ተሕዋስያን አንዱ ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ነው። ሰውነት እሱን ለመዋጋት ያሰለፈው መከላከያ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ ተሳስቶ የገዛ መገጣጠሚያውንና ልቡን ሊያጠቃ ይችላል። ጉልበት ያብጣል፤ ሕመሙ ከጉልበት ወደ ቁርጭምጭሚት፣ ከዚያ ወደ ክርን ይዞራል። ቤተሰብ «ቁርጥማት ነው» ብሎ ያልፈዋል። እብጠቱ ያለ ምልክት ይጠፋል፤ የልብ ቫልቮች ላይ የቀረው ጠባሳ ግን እዚያው ይኖራል። ሩማቲክ የልብ ሕመም የሚባለው ይህ ነው። በብዛት የሚነሣው ከ5 እስከ 15 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ሲሆን፣ ብዙ ሰው በአንድ ክፍል በሚያድርበት ቤት ባክቴሪያው በቀላሉ ይዛመታል።

ምርመራው አያስፈራም። ሐኪሙ በመጀመሪያ በማዳመጫ የልብን ምት ያዳምጣል፤ የተጎዳ ቫልቭ ደም ሲያሳልፍ የተለየ ድምፅ ያሰማል። ኤሲጂ የልብን የኤሌክትሪክ ምት በወረቀት ላይ ያሰፍራል። ዋናው መልስ የሚገኘው ግን ከኢኮ ነው። በደረት ላይ ቅባት ተቀብቶ የሚንሸራተተው መሣሪያ በድምፅ ሞገድ ልብን በስክሪን ላይ ያሳያል፤ ጨረር የለውም፣ አያምም። የትኛው ቫልቭ እንደጠበበ፣ የትኛው ደም ወደ ኋላ እንደሚያፈስ በዚያው ይታያል።

የጠበበ ቫልቭ አንዳንዴ ደረት ሳይከፈት ይታከማል። በብሽሽት ደም ሥር በኩል ቀጭን ቱቦ እስከ ልብ ይገባል፣ ጫፉ ላይ ያለው ፊኛ ቫልቩ ውስጥ ሲነፋ የተጣበቁት ክንፎች ይላቀቃሉ። ይህን ሕክምና እ.ኤ.አ. በ1982 የጀመረው ጃፓናዊው ቀዶ ሐኪም ካንጂ ኢኖዌ ነው። ክፉኛ የሚያፈስ ቫልቭ ግን ቀዶ ሕክምና ይፈልጋል። ልብ ቆሞ ሥራውን ማሽን ተክቶ እየሠራ ቫልቩ ይጠገናል ወይም ይቀየራል። የብረት ቫልቭ የገባለት ሰው ዕድሜውን ሙሉ ደም የሚያቀጥን ዋርፋሪን ይወስዳል፣ ደሙንም በየጊዜው ያስመረምራል። በጾም ወራት በድንገት የሚበዛ ጎመን እንኳ የመድኃኒቱን ጉልበት ያዳክማል። መውለድ የምታስብ ሴት ደግሞ መድኃኒቱ ፅንስን ስለሚጎዳ አስቀድማ ሐኪሟን ማማከር አለባት።

እንዲህ ያለው ቀዶ ሕክምና በአገር ውስጥ የማይታሰብበት ዘመን ሩቅ አይደለም። የሕፃናት የልብ ሐኪሙ ዶክተር በላይ አበጋዝ በ1981 ዓ.ም. የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ድርጅትን ሲመሠርቱ፣ ሕፃናቱ የሚታከሙት ወደ ውጭ አገር እየተላኩ ነበር። በ2001 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከሉ ሥራ ጀመረ። ዛሬ በሳሪስና በንፋስ ስልክ አድርጎ ወደ ልደታ የሚዘልቀው ቀላል ባቡር የደቡብ አዲስ አበባን ወላጆች ወደዚያው አካባቢ ያደርሳል። ተራ የሚጠብቀው ሕፃን ግን ብዙ ነው፤ ብዙዎቹም የሚደርሱት ደረጃ መውጣት ሲያቅታቸውና እግራቸው ሲያብጥ ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ያለው ሕክምና በወረዳው ጤና ጣቢያ ይገኛል። ጉሮሮው በስትሬፕቶኮከስ የታመመ ልጅ በ9 ቀን ውስጥ ፔኒሲሊን ከጀመረ በሽታው ወደ ልብ እንዳይሻገር ማድረግ ይቻላል። እንጥል ማስቆረጥ ይህን አያደርግም፤ ይልቁንም የደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ያመጣል። አንዴ ልቡ የተነካ ልጅ ደግሞ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ቢያንስ ለ10 ዓመት፣ ጉዳቱ ከጸና እስከ 40 ዓመት ዕድሜ ይወጋል። መርፌው ያማል። ልጁ ደኅና ሲሆን፣ በተለይ በጉርምስና፣ «ድኛለሁ» ብሎ ማቋረጥ ያምረዋል። ወላጅ፣ መምህርና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ከማንም በላይ የሚያስፈልጉት በዚህ ጊዜ ነው፤ የቀጠሮውን ቀን የሚያስታውሱ፣ የቀረውን ልጅ ቤቱ ድረስ ሄደው የሚጠይቁ እነሱ ናቸው።