የዶርፐር ክልስ በግጦሽ፦ በቀን ስንት ግራም?

ዛሬ ቡናውንና እህሉን ትንሽ አቆይተን ስለ በግ እናውራ። ሰሞኑን ከሰሜን ሸዋ የሚደወልልኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «የዶርፐር ክልስ ግልገል ከመንዝ በግ በላይ ዋጋ ሊከፈልበት ይገባል ወይ?»

ዶርፐር ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከእንግሊዙ ዶርሴት ሆርንና ከብላክሄድ ፐርሽያን የተዳቀለ የሥጋ በግ ነው። «ፐርሽያን» ይባል እንጂ የዘሩ መነሻ የኛው ጥቁር ራስ የሶማሌ በግ ነው። ዘመዳችን ዞሮ መጣ በሉት።

ወደ ስሌቱ እንግባ። አንዱ ግልገል በግጦሽ በቀን 60 ግራም፣ ሌላው 100 ግራም ጨመረ እንበል። በ90 ቀን 5.4 እና 9 ኪሎ ይሆናል፤ ልዩነቱ 3.6 ኪሎ ነው። ገዢው በሚዛን ከገዛ ይህ ጥሬ ብር ነው። በዓይን ግምትና በእጅ ዳሰሳ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ይመጣል፤ የበዓል ገዢ ላት ያያል፣ ክልሱ ደግሞ ላቱ አነስ ይላል።

ብዙ ሰው የሚሸወደው ማወዳደሩ ላይ ነው። መንታ የተወለደውን ከነጠላው፣ ሴቷን ከወንዱ ጋር አስቀምጦ «ይሄኛው ዘር ይበልጣል» ማለት አይቻልም። ጡት እስኪጥል ድረስ ደግሞ የምትመዝኑት የእናቲቱን ወተት ጭምር ነው። ሣር ጠግቦ የገባን በግ መመዘንማ እርጥብ በቆሎ ከመግዛት አይለይም፤ ጠዋት ሳይሰማራ፣ ውሃም ሳይጠጣ ይመዘን።

ወቅቱም አለ። ጥቅምትና ኅዳር ሣሩ ሞልቶ የታየውን ዕድገት ይዞ ለመጋቢት ዋጋ መቁረጥ አያዋጣም። ክልሱ ሰውነቱ ሲገዝፍ ቀለቡም ይጨምራል፤ ሣር ሲሳሳ ልዩነቱ ይጠባል። መንዝ ብርዱንም ችጋሩንም የለመደ ነው።

ሌላው የስም ነገር ነው። ንጹሕ የዶርፐር አውራ ከመንዝ እናት የሚወልደው 50 በመቶ ነው። ያ ክልስ አውራ ሆኖ መልሶ መንዝን ሲያጠቃ ግን 25 በመቶ ይሆናል። ገበያ ላይ ሁለቱም «ዶርፐር» ነው የሚባሉት! ዩኒየኖች ከመዋዋላችሁ በፊት አውራው ምን እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ።

ላኪዎች፣ ለእናንተ ደግሞ፦ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚልኩት የሞጆና የቢሾፍቱ ቄራዎች የቆላ በግ ይመርጣሉ፤ የደጋው ሥጋ ቶሎ ይጠቁራል ይላሉ። ስለዚህ የደጋው ክልስ ገዢ ለጊዜው አዲስ አበባ ነው፤ ዋጋውንም በዚያ ልክ፣ በኪሎ ተነጋገሩ።