የላስታ ላንድክሩዘርና ሊብሬው

ሊብሬ የመኪና መታወቂያ ነው። የሞተርና የሻንሲ ቁጥር፣ ቀለም፣ የወንበር ብዛት፣ የአገልግሎት ዓይነት ይሰፍርበታል። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681 ተሽከርካሪ ሁሉ እንዲመዘገብና በየዓመቱ እንዲመረመር ያዛል። ምርመራውን ያለፈ መኪና ቦሎ ይለጠፍለታል። በላስታ፣ በላሊበላ ዙሪያ ቱሪስትና ተሳላሚ የሚያመላልሱ ሃርድ ቶፕ ላንድክሩዘሮች ግን እንደ ተመዘገቡ አይቆዩም። መንገዱ ያስለውጣቸዋል፤ ሊብሬው ደግሞ ከለውጡ ኋላ ይቀራል።

በላስታ የመጀመሪያው ፈተና ከፍታ ነው። ላሊበላ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር ያልፋል። በ2,500 ሜትር የአየር ግፊት ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል ያንሳል። ተርቦ የሌለው ባለ 4.2 ሊትር ናፍጣ ሞተር ፖምፓው ለቆላ እንደ ተስተካከለ ዳገት ሲወጣ፣ ናፍጣው አየር አጥሮት በሙሉ ስለማይነድ ጥቁር ጭስ ይተፋል። ጭስ ደግሞ በምርመራ ያስጥላል። መፍትሔው ፖምፓ የሚያስተካክለው ፖምፒስት ዘንድ ሄዶ የናፍጣውን መጠን ማስቀነስ ነው፤ ጉልበት በጥቂቱ ይቀንሳል፣ ሹፌሮችም ይህን አይወዱትም። ተርቦ ማስገጠም ጉልበቱን ይመልሳል፤ ያለ ተርቦ ለተሠራ ሞተር ግን ሙቀቱና ጫናው ይበዛበታል።

ቀጥሎ የሚመጣው ባሌስትራ ነው። ከጋሸና ወደ ላሊበላ ያለው 64 ኪሎ ሜትር ብዙ ባሌስትራ ሰብሯል። አንድ ንጣፍ መጨመር የተለመደ ነው፤ የተሰነጠቀውን በይዶ መመለስ ግን ስህተት ነው፤ የብየዳው ሙቀት የብረቱን ጥንካሬ ስለሚያበላሽ እዚያው አጠገብ መልሶ ይሰበራል። መኪናው ከፊት ከፍ ሲል መብራቱ ወደ መጪው ሹፌር ዓይን ይወረወራልና እንደገና መስተካከል አለበት። ጎማም እንዲሁ ነው። ዲያሜትሩ 80 ሴንቲሜትር የነበረው በ88 ቢተካ፣ የፍጥነት ቆጣሪው 60 ሲል መኪናው 66 እየሄደ ነው። ከባዱን ጎማ ለማቆም ፍሬኑ የበለጠ ይደክማል፤ በረጅም ቁልቁለት ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ፖርቶመጋላ፣ ተጨማሪ መብራት፣ ውኃ ለመሻገር እስከ ጣሪያ የሚወጣ የአየር ቧንቧ፦ እነዚህ በደንብ ከታሰሩና እይታ ካልከለሉ ብዙ አያጨቃጭቁም። ከኋላ የሚጨመር አግዳሚ ወንበር ግን ያጨቃጭቃል፤ የወንበሩ ቁጥር ሊብሬ ላይ ተጽፏልና።

መርማሪው ከሁሉ በፊት የሚፈልገው ቁጥሮቹን ነው። በዚህ ዓይነት ላንድክሩዘር የሻንሲ ቁጥሩ በስተቀኝ በፊት ጎማው አጠገብ፣ ሻንሲው ብረት ላይ ተመትቶ ይገኛል። ጭቃ የሚለጠፍበትም ቦታ ያው ነው። ጭቃው በጨርቅ ሲጠረግ ፊደሎቹ አንድ በአንድ መነበብ አለባቸው። ፓራውልት ለማጠናከር ሲባል እዚያ አካባቢ የተበየደ ወይም የተሞረደ ሻንሲ፣ ባለቤቱ ምንም ክፉ ሐሳብ ባይኖረውም፣ በስርቆት ያስጠረጥራል።

ሞተር የቀየረ ባለቤት አዲሱ ሞተር ከየት እንደ መጣ የሚያሳይ የግዢ ደረሰኝና የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ይዞ መዝጋቢው መሥሪያ ቤት ይሄዳል፤ አዲሱ ቁጥር ሊብሬው ላይ ይሰፍራል። ቀለምም ሲለወጥ እንዲሁ ይመዘገባል። ከኢንሹራንስ ጋር ያለው ጉዳይ ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ አደጋ የሚያባብስ ለውጥ ለኢንሹራንሱ እንዲነገር ያስገድዳል። ዝም ያለ ባለቤት ካሳ ሲጠይቅ ሊቸገር ይችላል።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የነዳጅ መኪና ፈላጊ ወደ አሮጌው ዞሯል። አሮጌ ላንድክሩዘር የሚገዛ ሰው ዋጋ ከመነጋገሩ በፊት ከኮፋኖው ሥርና ከጎማው አጠገብ ያሉትን ቁጥሮች ከሊብሬው ጋር ያስተያይ።