«አልተገኘም» ማለት «የለም» ማለት ነው?

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንዲት ወረቀትና ስለ ተሳሳቱ አንባቢዎች ነው። ከተሳሳቱት አንዷ እኔ ነኝ።

ሽንዲ በማኅበራዊ ሠራተኝነት ስሠራ የምከታተላቸው አንዲት እናት ነበሩ። ታሪኩን የምጽፈው በፈቃዳቸው ነው፤ ማንነታቸውን የሚገልጽ ነገር ትቻለሁ። ጸረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒታቸውን ለዓመታት ሳያቋርጡ ወስደዋል። ድንገት ግን ከቀጠሮ ቀሩ። በሚቀጥለውም አልመጡም። እኔም ማስታወሻዬ ላይ «ቸልተኛ ሆነዋል» ብዬ ጻፍኩ። ገበያ ላይ አግኝተውኝ ፈገግ ብለው ሰላም ሲሉኝ ደግሞ «ይባስ ብለው ይስቁብኛል!» አልኩ በልቤ።

በመጨረሻ ቤታቸው ሄድኩ። ቡና እያፈሉ «እኔማ ድኛለሁ ልጄ፤ ልነግርሽ ነበር» አሉኝ። እንዴት? ስላቸው የላቦራቶሪ ወረቀት አወጡ። በእንግሊዝኛ «ታርጌት ኖት ዲቴክትድ» ይላል። ያነበበላቸው ዘጠነኛ ክፍል የሚማረው ልጃቸው ነው። «አልተገኘም ይላል እኮ እማዬ!» ብሎ። እናትና ልጅ ተቃቅፈው አለቀሱ። መድኃኒቱም በዚያው ቀረ።

ልጁ ቃሉን በትክክል ተርጉሟል። የሳተው ምርመራው የጠየቀውን ጥያቄ ነው።

ምርመራው ምን ጠየቀ?

ሁለት ዓይነት ምርመራ አለ። የመጀመሪያው «ቫይረሱ ይህን ሰው ይዞታል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገውም ሰውነታችን ቫይረሱን ለመከላከል የሚሠራውን ጸረ እንግዳ አካል ነው። ሁለተኛው ቫይረሱ እንዳለባቸው ለሚያውቁ ሰዎች የሚደረግ ነው፤ «መድኃኒቱ እየሠራ ነው ወይ?» ይላል። በደም ውስጥ ያለውን የቫይረስ መጠን ይለካል። በዚህኛው «አልተገኘም» ማለት መጠኑ መሣሪያው ሊያየው ከሚችለው በታች ወርዷል ማለት ነው። ቫይረሱ ግን በአንዳንድ ሴሎች ውስጥ ተደብቆ ይቀመጣል። መድኃኒቱ ሲቋረጥ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተመልሶ ይራባል።

ውጤቱ ታዲያ የምሥራች አይደለም? ነው እንጂ! የዓለም ጤና ድርጅት በሐምሌ 2015 ዓ.ም. እንዳስታወቀው፣ መድኃኒቱን በአግባቡ እየወሰደ የቫይረሱ መጠን የማይታይ ደረጃ ላይ የደረሰ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን ለሌላ ሰው አያስተላልፍም። ምሥራቹ የሚቆየው ግን መድኃኒቱ እስከቀጠለ ድረስ ነው።

ሌሎችም አሳሳች ቃላት አሉ። «ፖዘቲቭ» ሲባል ጥሩ ዜና የሚመስለው ሰው ገጥሞኛል፤ ቫይረሱ አለ ማለት ነው። «ኔጌቲቭ» የተባለም ሰው ተጋልጦ ከነበረ ሦስት ወር እስኪሞላው ድረስ ሙሉ በሙሉ እርግጠኛ መሆን አይችልም።

ሰውንስ እንዴት እናነባለን?

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ፖስተሮች ላይ የራስ ቅልና የከሳ ሰው ሥዕል ይበዛ ነበር። ከዚያ የተረፈን «የከሳ ሁሉ አለበት፣ የወፈረ ሁሉ የለበትም» የሚል ንባብ ነው። ሁለቱም ስህተት ነው። በአገራችን በ1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ስንቱ አገግሞ ሥራውን ይሠራል! እኔም በሶሾሎጂ ተመርቄ፣ የደስታን ፈገግታ ንቀት ብዬ አነበብኩት።

ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ ሰሙን ሰምተን ወርቁን እንፈልጋለን። የላቦራቶሪ ወረቀት ግን ቅኔ አይደለም። ትርጉሙ አንድ ነው፤ እሱንም የጤና ባለሙያው ያውቀዋል።

እናቲቱን «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ቀድሜ መጠየቅ ነበረብኝ» አልኳቸው። በማግስቱ ጤና ጣቢያ አብረን ሄድን፤ ልጁም ተከተለን። መድኃኒቱን እንደገና ጀመሩ። ከወራት በኋላ የመጣው ውጤት ያንኑ ቃል ይዞ መጣ፦ «አልተገኘም»። በዚህ ጊዜ ልጁ አንብቦ ሲጨርስ «እማዬ፣ መድኃኒቱ እየሠራ ነው ማለት ነው፤ ቀጥዪ» አላቸው።

ወጣቶች፣ በየቤታችሁ የወላጆቻችሁን ወረቀት የምታነቡት እናንተ ናችሁ። ቃሉን ካነበባችሁ በኋላ «ይህ ምን ማለት ነው?» ብላችሁ ባለሙያውን ጠይቁ። ሰውንም በመልኩ ከመፍረድ በፊት እሱኑ ጠይቁት።

ቸር እንሰንብት።