ሚኒሶታ ውስጥ ሐይቅ ዳር ቤት ላላችሁ

ከሐይቅ ዳር ግንባታ ደንቡ ውጭ ለመሥራት ልዩ ፈቃድ፣ ማለትም ቫሪያንስ፣ ስትጠይቁ እኛ የፕላን ባለሙያዎች ቀድመን የምናየው መሬቱን ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. የተሻሻለው የሚኒሶታ ሕግ እንደሚለው አጠቃቀሙ ምክንያታዊ፣ ችግሩም ባለቤቱ ያልፈጠረው የቦታው ጠባይ መሆን አለበት፤ የአካባቢውም መልክ መለወጥ የለበትም። «ወጪው በዛብኝ» ብቻውን አያስኬድም። ከኋላው ገደል ስላለ ቤቱን ከውኃው ማራቅ ካልተቻለ አሳማኝ ነው፤ ሰፊ በረንዳ መፈለግ ግን አይደለም።

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ጣሪያና ኮንክሪቱ ነው። የክልሉ ደንብ ውኃ የማያሰርግ ነገር ከቦታው 25 በመቶ እንዳያልፍ ይላል፤ ምክንያቱም ያልሰረገው የዝናብ ጎርፍ ፎስፈረስ ይዞ ሐይቁ ሲገባ አልጌ ይፈላል።

እባካችሁ፣ ለዲዛይን ገንዘብ ሳታወጡ የቅየሳ ካርታችሁን ይዛችሁ የከተማችሁን ፕላን ክፍል አማክሩ።