ከደሎ መና ወንዝ እስከ ውቅያኖስ ማዕበል

ማዕበል የሚለውን ቃል ከሕፃንነታችን ጀምሮ በመዝሙረ ዳዊትና በወንጌል ስንሰማው የኖርን ብንሆንም፣ ከመካከላችን ባሕርን በዓይኑ ያየ ሰው ጥቂት ነው። እንግዲህ አንድ የደሎ መና ሕፃን እናቱን፣ «እማዬ፣ ባሕሩን የሚያናውጠው ምንድን ነው?» ብሎ ቢጠይቃት ምን ትመልስለት ይሆን?

መልሱን ለመጀመር የሮቤ ሜዳ ይበቃል። በጥቅምት ወር የገብሱን ማሳ ነፋስ ሲነካው ማሳው ከዳር እስከ ዳር የሚገሰግስ ይመስላል፤ ዳሩ ግን አንዲት ዛላ እንኳ ከሥፍራዋ አልሄደችም፤ አጎንብሳ ቀና ማለቷ ብቻ ነው። የባሕርም ሞገድ እንዲሁ ነው። ነፋስ የባሕሩን ገጽ ሲዳስሰው ገጹ ይጨማደዳል፤ የተጨማደደውም ገጽ ለነፋሱ መያዣ ስለሚሆነው ይበልጥ ይገፋዋል። ውኃው ግን ባለበት ሥፍራ ክብ እየሠራ ይነሣል፣ ይወርዳል እንጂ ከሞገዱ ጋር አይጓዝም። የሞገዱም ታላቅነት በነፋሱ ብርታት፣ ነፋሱ በነፈሰበት ጊዜ ርዝመትና በባሕሩ ላይ በሮጠበት ርቀት ይወሰናል። የጣና ሞገድ ታንኳን ቢያሰጋም ከውቅያኖስ ሞገድ ጋር የማይወዳደረው ስለዚህ ነው፤ ለነፋሱ መሮጫው አጭር ነውና።

ሞገዱ ወደ ጠረፍ ሲቀርብ የታችኛው ክፍሉ መሬት ይነካና ይዘገያል፤ ከኋላው ያለው ይደርስበታል፤ ስለዚህም ከፍ ከፍ ይልና በመጨረሻ ራሱን መሸከም አቅቶት ይደፋል። (ታኅሣሥ 17 ቀን 1997 ዓ.ም. ከሱማትራ አጠገብ ተነሥቶ እስከ ሶማሊያ ሐፉን ድረስ ሰው የፈጀው ማዕበል ግን የነፋስ ሥራ አልነበረም፤ ከባሕር በታች በሆነ የምድር መንቀጥቀጥ የመጣ ነው።)

የጠረፍ መልክ የሚሠራው በዚህ መደፋት ነው። ወደ ባሕር የወጣው ዓለት ከሁሉ ይልቅ ይመታል፤ በስንጥቁ የገባው አየር እየታመቀ ድንጋዩን ይፈነቅለዋል፤ የተፈነቀለውም ድንጋይ ለሚቀጥለው ሞገድ መዶሻ ይሆንለታል። አሸዋ በሆነው ጠረፍ ደግሞ ሞገዱ አግድም መጥቶ አሸዋውን ወደ ላይ ያወጣዋል፤ ሲመለስ ግን ቀጥ ብሎ ቁልቁል ይጎትተዋል። ስለዚህ እያንዳንዷ ቅንጣት እንደ መጋዝ ጥርስ እየወጣችና እየወረደች በጠረፉ ላይ ረጅም መንገድ ትሄዳለች።

ይህ ነገር ለባሌ ሰው ባዕድ አይደለም። ከሳነቴ ከፍታ በሐረና ደን በኩል ወደ ደሎ መና ቆላ የሚወርደው ወልመል ወደ ገናሌ ይገባል፤ ገናሌም በዶሎ ከዳዋ ጋር ተገናኝቶ ጁባ ተብሎ በኪስማዮ አጠገብ ከሕንድ ውቅያኖስ ይደርሳል። በዝናብ ወራት ውኃውን የሚያደፈርሰው አፈር የዚሁ አገር አፈር ነው። ደን በተመነጠረበት ተዳፋት ላይ መታጠቡ ይብሳል። ሞገዱም የመጣለትን ይለያል፤ ከባዱን አሸዋ ለጠረፉ ያስቀርለታል፤ ለምለሙን ደቃቅ አፈር፣ ማለት ለገበሬው እህል የሚያበቅልለትን፣ ወደ ጥልቁ ያሻግረዋል።

ከሁሉ የሚያስደንቀን የዋቢ ሸበሌ ነገር ነው። ይህ ወንዝ ከባሌ ተራሮች ሰሜናዊ ወገን ውኃ ተቀብሎ ያን ሁሉ በረሃ ካቋረጠ በኋላ፣ ከሞቃዲሾ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀረው ወደ ደቡብ ምዕራብ ይታጠፋል። ሞገድ ያወጣውን አሸዋ ነፋስ ከምሮ በጠረፉ ላይ የሠራው ጉብታ መንገዱን ዘግቶበታልና፣ ከባሕሩ ጎን ለጎን ሲሄድ ኖሮ በረግረግ ውስጥ ይቀራል፤ ዝናብ በበዛበት ዓመት ብቻ ከጁባ ይደርሳል።

ባሕሩ ራሱ ደግሞ አንድ ጊዜ ወደ ባሌ መጥቶ ነበር። የዌብ ወንዝ ፈልፍሎ የሶፍ ዑመርን ዋሻ የሠራበት የኖራ ድንጋይ፣ ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ያ ምድር ከባሕር በታች ሳለ የተነጠፈ ነው። ልጁን ይዛ እስከዚያ ለመሄድ የምትችል እናት ብትኖር፣ እጁን በዋሻው ግድግዳ ላይ አኑራ የጥንቱን የባሕር ወለል ልታስዳስሰው ትችላለች።